የዒድ ሜዳ፤ ከትክል ድንጋይ እስከ አዲስ ዓለም

  ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሜዳ ነው። ኳስ ስለሚጫወቱበት ወይም ከብት ስለሚያግዱበት ሜዳ አይደለም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሙስሊሙ ነቅሎ ወጥቶ ስለሚሰግድበት የዒድ ሜዳ ነው።

የዒድ ዕለት ማለዳ በየቤታችን የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናት ልጆቿን አጥባ አዲስ ልብስ ታለብሳለች። አባት ዘካተል ፊጥሩ ለባለቤቱ መድረሱን ያረጋግጣል። የፊጥር ዒድ ከሆነ ከመውጣት በፊት ተምር ይቀመሳል፤ ተምር ባይኖር ያለው ነገር። ከዚያ ምንጣፍና ጋቢ አንጠልጥሎ፣ ተክቢራ እያሉ መውጣት ነው። ወዴት? በትልቅ ከተማ ወደ ስታዲየም ወይም ወደ አደባባይ፣ በትንሽ ከተማ ደግሞ ከገበያው ወይም ከመጨረሻዎቹ ቤቶች አልፎ ወዳለው ክፍት መሬት። ልጆች «ለምን መስጊዳችን ውስጥ አንሰግድም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ይህ ሜዳ ግን እንዴት የእኛ መሰብሰቢያ ሊሆን እንደቻለ የሚጠይቅ ትልቅ ሰው ብዙ አይገኝም። በሰሜኑ የአገራችን ደጋ ግን ይህ ጥያቄ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይመልሰናል።

እስቲ ከጎንደር ከተማ ተነስተን ወደ ሰሜን እንያዝ። ወደ ሳንጃና ወደ ሁመራ የሚወስደው መንገድ ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት ከትክል ድንጋይ ያደርሰናል። ትክል ድንጋይ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዛሬ ማዕከላዊ ጎንደር በሚባለው ዞን ውስጥ ትገኛለች። ከእርሷ ወዲያ ታች አርማጭሆ ነው፤ ሙቀቱ፣ ሰሊጡ፣ ከዚያም የሱዳን ድንበር። ትክል ድንጋይን የመሳሰሉ የደጋ ከተሞች ብዙ ናቸው። ሕዝባቸው በአመዛኙ ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊሙ ጥቂት ነው። ጥቂት በመሆኑም ዒድ በዚያ ከሌላው ቦታ የተለየ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ሰው ሙስሊም ወንድሙን በየጁሙዓው ያገኘዋል። በገጠር ቀበሌ ብቻውን ወይም ከሁለትና ከሦስት ቤተሰብ ጋር የሚኖር ሰው ግን ወገኑን ተሰብስቦ የሚያየው በዒድ ሜዳ ነው። እዚያ ይጠያየቃል፤ የሞተበትን ያስተዛዝናል፤ የተጣላውን ይታረቃል፤ ለልጁ የምትሆን ልጅ ካለች እዚያው ወሬ ይጀመራል። እንዲህ ባለው ከተማ ሜዳው የጠፋ ዕለት የሚጠፋው የመስገጃ ቦታ ብቻ አይደለም።

የሜዳው ነገር ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከጎንደር በፊት ወደ መዲና ማለት ይኖርብናል።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን ዒዶች የሚሰግዱት በመስጊዳቸው ውስጥ አልነበረም። በዚያ መስጊድ አንዲት ሰላት በሌላ ቦታ ከሚሰገዱ ሺህ ሰላቶች ትበልጣለች ያሉት እርሳቸው ናቸው፤ ሆኖም በዒድ ቀን ትተውት ወደ ሙሰላው፣ ወደ ክፍቱ ሜዳ ይወጡ ነበር። የሚወጡት ወንዶች ብቻ አልነበሩም። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ልጃገረዶችና በወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች ሳይቀሩ እንዲወጡ ታዘዋል። በወር አበባ ላይ ያሉት ከመስገጃው ገለል ብለው መልካሙን ነገርና የሙስሊሞቹን ዱዓ ይካፈላሉ። መሸፈኛ የሌላት ሴት ብትኖር እህቷ ታውሳት ተብሏል። በየከተማችን «ለሴቶች ቦታ የለም» የሚሉ አስተናባሪዎች ይህን ሐዲስ አንድ ጊዜ ቢያነቡት መልካም ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመለሱም በመጡበት መንገድ አይመለሱም፤ በሌላ ጎዳና ይዞራሉ። ዑለማኦቻችን ስለምክንያቱ ብዙ ብለዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ በሁለቱም መንገድ ያሉ ሰዎችን ሰላም ለማለት ነው የሚለው ነው።

ዑለማኦቹ በዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንዳላቸው መጥቀስ ተገቢ ነው። በሻፊዒያ መዝሀብ መስጊዱ ሰዉን ሁሉ የሚበቃ ከሆነ መስጊድ ይበልጣል የሚል አቋም አለ፤ መካ በሐረሙ ውስጥ ትሰግዳለችና። ሌሎቹ ያለ ችግር ከሜዳው መቅረት አይገባም ይላሉ። የእኛ ነገር ዛሬ ፊቅሁ ስላልሆነ በዚህ እናልፈዋለን።

ወደ እኛ አገር የሚያቀርበን ግን ሌላ ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሜዳው ሲሰግዱ ከፊታቸው ግድግዳ ስለማይኖር አጭር ጦር ይተከልላቸው ነበር። ጦሩን «ዐነዛ» ይሉታል። ይህን ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ሐዲሱ በቡኻሪ ይገኛል። ጦሩ ከየት መጣ? ኢብኑ ሰዕድ በመጽሐፋቸው እንደሚተርኩት የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ጦሮች ልኮላቸዋል። አንዱን ለዐሊይ፣ አንዱን ለዑመር ሰጥተው አንዱን ለራሳቸው አስቀሩ። ያንን ጦር በሁለቱ ዒዶች ከፊታቸው ይዞ የሚሄደውና በሙሰላው ላይ የሚተክለው ማን መሰላችሁ? ቢላል ነው። የሐበሻ ንጉሥ የላከውን ጦር የሐበሻ ዘር ያለው ሙአዚን ተሸክሞት፣ በመዲናው የዒድ ሜዳ ላይ ተተክሎ፣ የአላህ መልእክተኛ ወደ እርሱ ዞረው ይሰግዳሉ!

ይህም ብቻ አይደለም። ነጃሺ የሞተ ዕለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዜናውን ለሶሐቦቻቸው ነገሩ፤ ከዚያ ወደ ሙሰላው ይዘዋቸው ወጡ፤ አሰለፏቸውና አራት ተክቢራ አድርገው ሰገዱበት። ለሩቅ አገሩ ንጉሥ የጀናዛ ሰላት የተሰገደው በሙሰላው ነው። ዛሬ መዲና ለዚያራ የሄደ ሰው ከነቢዩ መስጊድ በስተደቡብ ምዕራብ ጥቂት ራመድ ብሎ አል-ገማማ የሚባለውን መስጊድ ያገኛል። ነቢዩ በመጨረሻ ዘመናቸው ዒድ ይሰግዱበት በነበረው ስፍራ ላይ የተሠራ ነው። ከኢትዮጵያ ለሐጅና ለዑምራ የምትሄዱ ወገኖች አልፋችሁት አትሂዱ።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ።

አፄ ፋሲል ጎንደርን ዋና ከተማቸው ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ከተማዋ ስትቆረቆር ጀምሮ ሙስሊሞች ነበሩባት። ነጋዴ የሌለበት ከተማ የለም፤ የረጅሙ መንገድ ንግድ ደግሞ በአመዛኙ በሙስሊሞች እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመኑ ኢማም የተላከ አንድ መልእክተኛ ጎንደር ደርሷል። ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ ይባላል፤ ጉዞውንም በዐረብኛ ጽፎ አቆይቶልናል። የመኖቹ ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበለ መስሏቸው ነበር። የፋሲል ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለነበረ በበይሉል በኩል ወደ የመን የሚወጣ ሌላ የንግድ በር ፈልገው ነው። መልእክተኛው ያሰበው ሳይሆንለት ተመለሰ።

ሃያ ዓመት ቆይቶ ነገር ተለወጠ። የፋሲል ልጅ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 ጉባኤ አስጠርተው በሃይማኖት የሚለዩ ሁሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ፈረንጆቹ ካቶሊኮች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ፣ ያለዚያ አገር ለቀው እንዲወጡ፤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች የየራሳቸውን ሰፈር ይዘው እንዲቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1678 ውሳኔው እንደገና ጸና። የጎንደር ሙስሊሞች ከኮረብታው በታች በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ። ሰፈሩ እስላም ቤት፣ እስላምጌ ሲባል ቆየ፤ በኋላ አዲስ ዓለም ተባለ። እስከ ዛሬም በዚህ ስሙ ይታወቃል። ከኮረብታው ያወረዳቸው አዋጅ ነው፤ እነርሱ ግን የወረዱበትን «አዲስ ዓለም» አሉት። ስም አወጣጡ ደስ ይላል።

ይህ የሆነው በጎንደር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1516 አይሁዶቿን በአንድ ሰፈር ዘግታለች፤ በሙስሊም ነገሥታት ሥር በነበሩ ከተሞችም የሃይማኖት ሰፈሮች ነበሩ። የዘመኑ ልማድ ነበር ማለት በደሉን ማቃለል አይደለም፤ ታሪክን በቦታው ማስቀመጥ ነው።

ስለ አዲስ ዓለም ሰዎች ሥራ ካነበብነው ሁሉ የሚገርመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የጻፈው ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። ሲደርስ የተቀበለው የሙስሊሞቹ አለቃ ነጋድራስ ሙሐመድ ሲሆን መጀመሪያ ያረፈውም በሙስሊሞቹ ሰፈር ነው። በቀሃ ዳር ያለው የሙስሊሞች ከተማ አንድ ሺህ ያህል ቤት እንዳለው ይነግረናል። ብርቱና ሠራተኛ ሰዎች ናቸው ይላል። ብዙዎቹ የተሰማሩበት ሥራ ግን ያልጠበቅነው ነው፤ የንጉሡንና የመኳንንቱን ጓዝ መጠበቅና ድንኳን መትከል! ንጉሡ ሲዘምት ድንኳኑን ነቅለው በበቅሎ ይጭናሉ፤ ሲሰፍር በአስደናቂ ፍጥነት ይተክላሉ። የራሳቸው አለቆች አሏቸው። ሆኖም ለማንም ወገን ተሰልፈው አይዋጉም፤ እንዲዋጉ አይፈቀድላቸውም፣ እነርሱም አይፈልጉም።

እስቲ ይህን ነገር በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ያ ዘመን የመንግሥት ማዕከል ከግንቡ ይልቅ ድንኳን የሆነበት ዘመን ነው። ንጉሥ በበጋ ዘማች ነው፤ ፍርድ የሚሰጠው፣ ሹመት የሚሾመው፣ ግብር የሚያበላው በድንኳን ነው። ያንን ድንኳን ካስማ እየመቱ የሚያቆሙት የአዲስ ዓለም ሙስሊሞች ናቸው። የአገሩ ሁሉ ሰው የሚሰበሰብበትን ስፍራ በአንድ ቀን አቁመው፣ በማግስቱ ነቅለው ይሄዳሉ። ለራሳቸው ግን ርስት የላቸውም። በክርስቲያኑ ንጉሥ ሥር በነበረው ደጋ ሙስሊም የእርሻ ርስት መያዝ አይችልም ነበር፤ የኖረው በንግድ፣ በሽመና፣ በእጅ ሥራ ነው። «ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚለው አባባል ከዚህ የመጣ ነው። አባቶቻችን ይህን ሲሰሙ ኖረው ነው ያለፉት፤ ዛሬም ድረስ ያልረሱት አሉ።

ርስት ለሌለው ሰው ሜዳ ከየት ይመጣለታል? መስጊድ እንኳ ከቤት ብዙም የማይለይ ጣራ ሆኖ በሰፈሩ ውስጥ ይቆማል። ክፍት መሬት ግን ባለርስት ይፈልጋል፤ ከብት የሚያግድበት፣ ሣር የሚያጭድበት ጌታ አለው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ በአደባባይ ወጥቶ መስገድ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመሬት ጉዳይም ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጣል እናድርግ። አንደኛው፣ የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ በምጽዋ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ሲያመላልሱ ባሪያም ይሸጡ ነበር። የአባቶቻችንን ታሪክ ስንናገር ይህን ደብቀን ሌላውን ብቻ ብናወራ ተዓማኒነት አይኖረንም፤ በአላህ ፊትም ያስጠይቀናል። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው። ቡና በዚያ ዘመን የእስላም መጠጥ ተብሎ በካህናቱ ዘንድ የተነወረ ነበር። በክርስቲያኑ ቤት የተለመደው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ዛሬ ጎንደር ገብቶ ቡና ያልቀረበለት እንግዳ ካለ ይንገረን!

ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በኋላ የመጣው ግን ሰፈር መለየትን የሚያስመኝ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1856 ዓ.ም. ገደማ የጎንደር ሙስሊሞች እንዲከረስቱ አዘዙ፤ ብዙዎች ከተማዋን ጥለው ሸሹ። ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሡ ጎንደርን ራሷን አቃጠሏት፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይቀሩ ተዘረፉ። በዚያ እሳት ፊት ሁሉም እኩል ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ቦሩ ሜዳ መጣ። ይህም ሜዳ ነው! ከደሴ በስተሰሜን፣ ብዙም ሳይርቅ፣ በደጋው ላይ የተዘረጋ ሰፊ ስፍራ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ ታላቅ ጉባኤ አደረጉበት። ጉባኤው በመጀመሪያ የክርስቲያኖቹ የራሳቸው ክርክር ነበር፤ የሦስት ልደትና የተዋሕዶ ነገር። እርሱ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ሙስሊሙ ዞሩ። ሹማምንቱ ወዲያው ክርስትና እንዲነሱ፣ ያለዚያ ሹመታቸውን እንዲለቁ፤ ለሕዝቡም የጊዜ ገደብ ተሰጠው። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ኢማም አመዴ ሊበንም እንዲሁ ተጠመቁ። እነ ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ግን እምቢ ብለው ተነሱ። ብዙ ሰው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ቀን ማዕተብ ታስሮ፣ ሌሊት በር ተዘግቶ ይሰገዳል። ስለዚያ ዘመን የሚነገር ሁሉ በዝግ በር ውስጥ ነው።

የጎንደር ሙስሊም ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ። በሱዳን ደግሞ የመሕዲ መንግሥት ተነስቶ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ ዐንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ ድል አደረገና ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ሰው ማርኮ ወሰደ። አፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። የመሕዲስቶቹን ጦር እንደ ሙስሊሙ ነጻ አውጪ አድርገው የሚያወሩ አንዳንድ ወገኖች አጋጥመውናል። እኛ አንስማማም። «ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው» የሚል ይዘት ያለው ሐዲስ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል፤ በኡምዱርማንም ይህ ሐዲስ ሳይነሳ አልቀረም። ጦሩ ግን ዘመተ። ውጤቱን ማን ተሸከመው? የቀሃ ዳር ሰው ነው። በአንድ በኩል ክርስትና ካልተነሳህ የተባለ፣ በሌላ በኩል «የደርቡሽ ወገን» ተብሎ የተጠረጠረ።

ጣልያን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ የሙስሊሙን ቁስል ያውቅ ነበር። በአገሪቱ በብዙ ቦታ መስጊድ አሠራ፤ አዛን በአደባባይ ተሰማ። በወቅቱ ብዙ ሰው መደሰቱን መካድ አይቻልም። ያ ደስታ ግን ለመከፋፈል የተሰጠ መሆኑን መካድም አይቻልም፤ ያው ጣልያን በሊቢያ ሸኽ ዑመር አል-ሙኽታርን እ.ኤ.አ. በ1931 ሰቅሏል። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር የመጨረሻዋ የጣልያን ምሽግ ሆና ስትወድቅ መስጊዶቹ ቀሩ፤ «በጣልያን ጊዜ የሠራችሁት» የሚለው ነቀፋም አብሮ ቀረ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ዘመን ደረስን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ አንድ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ወጣ። ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ከተነሱት ጥያቄዎች ውስጥ በዓላቱ የሕዝብ በዓል ይሁኑ፣ ሙስሊሙ መሬት ይኑረው፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚሉት ነበሩ። ወዲያው አዲሱ መንግሥት በታኅሣሥ 1967 ዒድ አል-ፊጥርን፣ ዐረፋንና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገ። በየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ርስት የሚባለው ነገር ተሻረ። የአርማጭሆ ሙስሊም ገበሬ ከክርስቲያን ጎረቤቱ እኩል በቀበሌው ማኅበር መሬት የመካፈል መብት ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው አያቶቻችን ሳይሆኑ ብዙዎቻችን ራሳችን በሕይወት ሳለን ነው። ያው መንግሥት በኋላ ሃይማኖትን ሁሉ ተጫነ። ያ ሌላ ርዕስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዒድ በሰሜኑ ከተሞች በይፋ የአደባባይ በዓል ሆነ። የወሎዎቹ ዳናና ጀማ ንጉሥ፣ የትግራዩ ነጋሽ ከዚያም በፊት ሰው የሚሰበሰብባቸው ስፍራዎች ነበሩ፤ እነዚህ ግን የሸኽና የመቃብር ስፍራዎች ናቸው፤ ክብራቸው ከዚያ የመጣ ነው። የነጋሹ መስጊድ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ተመትቶ መጎዳቱን ታስታውሳላችሁ። የዒድ ሜዳ ከእነዚህ ይለያል። ጉልላት የለው፣ ቀብር የለው፤ ሰዉ ሲሄድ ሣር ብቻ ይቀራል። ስለዚህም ለመወሰድ ይቀላል። ማዘጋጃ ቤት ፕላን ሲያወጣ ባዶ ቦታ ነው የሚያየው፤ መናኸሪያ ይሠራበታል፤ ቦታው በሊዝ ይወጣል። ባዶ አይደለም የሚል ካርታ ከሌለ ማን ይከራከራል?

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን የመጨረሻ ቀናት፣ በጎንደር ከተማ የአንድ አዛውንት ሸኽ ጀናዛ ወጥቶ ነበር። ቀብሩ በሐጂ ኤልያስ መካነ መቃብር ነው፤ መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይዋሰናል። በወሰኑ ላይ የነበረው የቆየ ጭቅጭቅ በዚያ ሰዓት ፈነዳ። የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ከ20 በላይ ሰው መገደሉን ተናገረ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚሽነር ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢያንስ 30 ሰው መሞቱን፣ ከመቶ በላይ መቁሰሉን መግለጫ አወጡ። ለሞቱት አላህ ምሕረቱን ይስጣቸው። ለአንድ ሰው ጀናዛ የወጣ ሕዝብ የብዙ ሰው ጀናዛ ይዞ ተመለሰ።

ስለዚያ ቀን ብዙ ተብሏል፤ እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ደም ያስከተለው የጥቂት ክንድ መሬት ወሰን ነው። ከ1668ቱ ጉባኤ ጀምሮ ያልተፈታው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሙስሊሙ የት ይሰብሰብ፣ የት ይቀበር? በሕግ በኩል ዛሬ ያለንበት ሁኔታ ከአባቶቻችን ጋር አይወዳደርም። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት እንኳ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ግን በአዲስ አበባ ይጽደቅ እንጂ ወሰኑ የሚለካው በየከተማው ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ የመስጊዱ ኮሚቴና የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ አባላት የአንድ እድር ሰዎች፣ የአንድ ገበያ ደንበኞች ሆነው ይገኛሉ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ወሰኑን አብረው ዞረው፣ ምልክት አቁመው፣ በማዘጋጃ ቤት ካስመዘገቡት የልጆቹን ጠብ ያስቀራል። ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ ግን ለወሰኑ ምስክር የሚሆን አይገኝም።

ስለዚህ ከእናንተ የምንፈልገው አለ። ትክል ድንጋይ፣ ሳንጃ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ አይከል፣ ጭልጋ፣ ወይም ሌላ ከተማ የምትኖሩ አድማጮቻችን፤ በከተማችሁ ከ1967 ዓ.ም. በፊት ዒድ የት ይሰገድ እንደነበር፣ በኋላስ የመጀመሪያው የሜዳ ሰላት በየትኛው ዓመት እንደተሰገደ፣ መሬቱን ማን እንደሰጠ አዛውንቶችን ጠይቃችሁ ጻፉልን። እናቶችንም ጠይቁ፤ በዝግ በር የተሰገደውን ከወንዶቹ በተሻለ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸው። ፎቶግራፍ ያላችሁ ቅጂውን ላኩ፤ ዋናውን ከእጃችሁ አታውጡ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከአዲስ ዓለም ወደ መተማ እንወርዳለን፤ ስለ ነጋድራሶችና ስለ ሰሙ ንግድ እናወጋለን፤ ኢንሻአላህ።